አረማዊ የተባለችው ችቦ

የዘመን መለወጫ ችቦ የክርስቲያን ናት ወይስ የአረማዊ ብላችሁ እኔን እንዳትጠይቁኝ። የሚጠይቅ አይጠፋም። ዘንድሮ ትንሽ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የዚህን በዓል ሥር፣ የዚያን በዓል ግንድ ሲቆፍር ነው የሚውለው። ይቆፍር፣ ጉልበቱ አለው። እኔ ግን ችቦ ሲባል ትዝ የሚለኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንገቴ ነው። ሳላውቀው እጄ ወደ አንገቴ ይሄዳል። ሚስቴ ብርቄ ይህን ልማዴን ስለምታውቅ ጳጉሜን ላይ አንገቴን ሳሻሽ ካየችኝ ምንም ሳትል ጠላ ትቀዳልኛለች።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እኔ ጭቃ ሹም ነበርሁ። ሹመቱን ያወረሰኝ አባቴ ነው፤ ከመሬቱ ጋር አንድ ላይ ነው የሰጠኝ። መሬቱ ጥሩ ነበር። ሹመቱ ግን ሰው ሲጣላ የሚቀሰቅስህ፣ ሲታረቅ የሚረሳህ፣ ግብር ሲደርስ ደግሞ የሚረግምህ ሹመት ነው። ጣልያን ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ታዝኑብኛላችሁ፤ ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነገር ሆኖ አይደለም፣ ቢያንስ ከጭቃ ሹምነት ይሽረኛል ብዬ ነው። እሱ እቴ! የነበረውን ጭቃ ሹም ሁሉ ባለበት አጸናው። ቆፍጣናው ሁሉ ጫካ ገብቶ መንደር የቀረነው ሽማግሌ፣ ሴት፣ ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳና እንደኔ ያለው ለተኩስም ለሩጫም የማይሆን ነው። ለሩጫ አልሆንም ያልሁት ኋላ ላይ ውሸት ሆኖ ተገኝቷል፤ ወደሱ እመጣለሁ።

ሰፈራችን ከአማኑኤል ወደ ደምበጫ ሲወርዱ ካለው መንገድ ገባ ብሎ፣ ተዳፋት ላይ እንደ ፍየል ተበታትኖ የተቀመጠ ነው። ከፊት ለፊታችን ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ጉብታ አለ፤ ጉብታው ላይ ጣልያን ምሽጉን ሠራ። ከዚያ ሆኖ ማን ከቤቱ ወጣ፣ ማን ገባ፣ የማን ጎጆ ጭስ ቀጠነ፣ ሁሉን ያያል። ብርቄ «ወጤ ላይ ሽንኩርት ማነሱን ሳያውቁ አይቀሩም» ትል ነበር።

ቡሄ ደረሰ። የቡሄን ጅራፍ ታውቁታላችሁ። ጎረምሳው ክረምቱን ሙሉ ሲገምድ የከረመውን ጅራፍ ይዞ ይወጣና ከዚህ ጉብታ ሲያጮኸው ከዚያ ጉብታ ይመልሱለታል። በዚያ ዓመት ልክ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጅራፉ ከየአቅጣጫው ጮኸ። ጣልያን ጅራፍ አያውቅም። አርበኛ ከበበኝ ብሎ መትረየሱን ለቀቀው። እኛ ደግሞ መትረየስ አናውቅም፤ መጀመሪያ ላይ እነሱም ቡሄ የሚያከብሩ መስሎን ነበር። እኔ ራሴ «ይህስ ደህና ተገምዷል» ብያለሁ። ጎረቤቴ ጫኔ ደጃፉ ላይ ቆሞ በነገሬ ሲስቅ ነበር። እየሳቀ ወደቀ። ሚስቱ የኔነሽ ለቡሄ ጨፋሪዎች የጋገረችውን ሙልሙል እንደያዘች ወጥታ «ተነሥ እንጂ፣ ቀልዱን ተው» አለችው። አልተነሣም።

በማግስቱ ምሽግ ድረስ ተጠራሁ። ካፒታኑ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ወደኔ አያይም፣ ጥፍሩን ነው የሚያይ። አጠገቡ የሚቆመው አስተርጓሚ ያገራችን ሰው ነው። የየት አገር ሰው እንደሆነ ግን ብጠይቀው ነግሮኝ አያውቅም።

«ካፒታኑ፣ የትናንቱ ተኩስ የማን ነው ይላል» አለኝ።

«ተኩስ አይደለም ጌታዬ። ጅራፍ ነው። ለደብረ ታቦር የሚጮህ።»

ተነጋገሩ። «ለምንድን ነው የሚጮኸው ይላል።»

ቆሜ አሰብሁ። እውነት ግን ለምንድን ነው የሚጮኸው? እጄ ጅራፍ መያዝ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ ሳጮኸው ኖሬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። «ለደስታ ነው» አልሁ።

አስተርጓሚው ነገረው። ካፒታኑ ጥፍሩን እያየ አጠር ያለ ነገር ተናገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ ደስታ የለም ይላል» አለኝ አስተርጓሚው። «ጅራፍ አይጮህም። ለዘመን መለወጫችሁም ችቦ የምታበሩት ነገር አለ አሉ፤ ለሽፍታ ምልክት ነው፣ አይበራም። ከሰፈርህ አንዲት እሳት ደጅ ወጥታ ብትታይ የምትሰቀለው አንተ ነህ።» የምትሰቀለው ሲል እጁን ወደ ላይ ገመድ እንደሚስብ ሰው አደረገ። ካፒታኑ እጁን እንኳ አላነቃነቀም፤ ገመዱን የጨመረው አስተርጓሚው ነው።

እናንተዬ፣ የኔን ሰፈር ሰው አታውቁትም። ጣልያን ችቦ ከለከለ ብላቸው እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ነው የሚያበራው። ባልየው ቢፈራ ሚስቱ ታበራለች። ትሰቀላለህ ተብያለሁ ብላቸው ከልባቸው ያዝናሉ፣ ደህና አድርገው ይቀብሩኛል፣ ግን ያበራሉ። ሲቀብሩኝ እየታየኝ ከምሽግ እስከ ቤቴ ድረስ ተጓዝሁ። ቤቴ በር ላይ ስደርስ እግሬን መለስሁና ወደ ቄስ ጥበቡ ሄድሁ።

ቄስ ጥበቡ የሰፈሩ ሁሉ የነፍስ አባት ናቸው። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው በመቋሚያ ነው የሚራመዱት፤ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን በየድንጋዩ እየተቀመጡ ነው የሚደርሱት። ምላሳቸው ግን ቁርጥማት አያውቅም።

«አባ፣ ችቦ አረማዊ ናት ይበሉልኝ» አልኋቸው።

«ናት እንዴ?»

«እኔ ምኑን አውቄ። እርስዎ ናት ካሉ ትሆናለች።»

ትእዛዙን ነገርኋቸው። ጣልያን የከለከለውን ሰው እንደማይሰማ፣ እግዚአብሔር የከለከለውን ግን ቢያንስ እያጉረመረመ እንደሚሰማ አስረዳኋቸው።

«ያልሆነውን ሆነ ብዬ ዓውደ ምሕረት ላይ ልቁም?» አሉኝ።

«የጫኔን ፍትሐት የፈቱት እርስዎ ነዎት። በዘመን መለወጫስ የማንን ሊፈቱ ነው?»

መቋሚያቸውን አገላበጡት። «መጽሐፍ ልይ» አሉ በመጨረሻ።

አዩ መሰለኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተው ቆሙ። እሳትን ጌታ አድርገው ያመልኩ ስለነበሩ ሕዝቦች አስተማሩ። እሳት ይዞ ቤት ለቤት መዞርን ሐዋርያት አላስተማሩም፤ ከክርስቶስ በፊት የነበረ የአረማዊ ልማድ ነው፤ ክርስቲያን የሆነ ሰው ዘንድሮ ችቦውን ይተወው አሉ። ሕዝቡ መጀመሪያ የሰማው አልመሰለውም። ከዚያ የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባ፣ ይህች የቆምንባት ቤተ ክርስቲያን ያለችው ከአድባሩ ዋርካ ሥር ነው። አያቴ ዋርካውን ቅቤ ሲቀባው በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ ታቦቱን ወዴት እንውሰደው?»

«ቦታው ተባርኳል» አሉ ቄስ ጥበቡ።

«ችቧችንንም ይባርኩልን። ቅጠል ናት፣ አትከብድም።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ጋብ ሲል ከሴቶች በኩል የማውቀው ድምፅ ተነሣ። ብርቄ ናት። «ሰብአ ሰገል ኮከብ ቆጣሪዎች አልነበሩም ወይ? ያመጡትን ዕጣን ጌታ የአረማዊ ዕጣን ነው ብሎ መለሰባቸው?» አለች። እናንተ ሆዬ፣ የገዛ ሚስቴ ገመዱን ስትስብ ቆሜ አየሁ። ዓይኔን አፈጠጥሁባት። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ መልሱን ጠበቀች።

የቄስ ጥበቡ ዓይን ግን የኔነሽ ላይ አረፈ። ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። «ልጆቼ» አሉ፤ «ዘንድሮ እሳት አይብራ። እለምናችኋለሁ» ብለው አለቀሱ። ሰው ደነገጠ። ለኃጢአታችን ነው የሚያለቅሱት ብሎ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ችቦ በዚያች ሰዓት አረማዊ ሆነች። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ እኔ እንኳ የደፋሁት በቦታው መኖሩን ለማረጋገጥ ነው።

እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ግን ቄስ ጥበቡ በሕይወታቸው ሙሉ እንደዚያ ተሰምተው አያውቁም። በሚቀጥለው ስብከት ልጃገረዶች በጳጉሜን የሚነቅሉትን እንግጫ አነሡ፤ ሣር በራስ ላይ ማሰር ከየት መጣ አሉ። ልጃገረዶቹ አለቀሱ፤ አንዷ ደፋር ሣርን የፈጠረው ማን ነው ብላ ጠይቃ ተገሠጸች። ቀጥሎ የዘመን መለወጫ ዶሮ መጣ። ቀዩን ነው ገብስማውን ነው የማርደው ብሎ ቀለም መምረጥ፣ ዶሮውን በራስ ላይ ማዞር፣ ሁሉም ተወገዘ። ብርቄ ለበዓሉ ያደለበችው ዶሮ ገብስማ ነበር። አውራ ዶሮው እድለኛ ሆነ፤ አረማዊ ተብሎ ከመታረድ ዳነ። «ነጭ ቢሆን ኖሮ ክርስቲያን ነበር ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ እኔ ጭቃ ሹም እንጂ ሊቅ አይደለሁም አልኋት።

ሰፈሩ እርስ በርሱ መፈላለግ ጀመረ። አያ ደሴ ጠላ ከመጠጣታቸው በፊት ለመሬት ጠብ ሲያደርጉ ታዩ ተብሎ ተከሰሱ። «እጄ ተንቀጥቅጦ ነው» አሉ። በማግስቱም ግን መሬቱ ሳይቀምስ እሳቸው አልቀመሱም። አንዱ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ የሰቀለውን የበሬ ራስ ቅል አውርዶ ሲቀብር ውሻ አወጣበት፤ ሦስተኛ ቀን ደግሞ ቀበረ፤ እንደገና አወጣበት። ባልና ሚስት ደፉን በየትኛው እግር ተሻገርህ፣ ተሻገርሽ እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ከሐምሌ ጀምሮ ቆጥ ላይ ሲደርቅ የከረመው የየቤቱ ችቦ ደግሞ ምድጃ ገባ። ያን ሰሞን የሰፈራችን ሽሮ በሙሉ የበሰለው በአረማዊ እሳት ነው። እኔ የኔን ችቦ ከቆጥ አላወረድሁትም። በሃይማኖት ጸንቼ እንዳይመስላችሁ፤ ስንፍና ነው።

አንድ ቀን ብቻቸውን አግኝቼ «አባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አረማዊ ናት እንዴ?» አልኋቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉ በሐዘን፤ «ሌላውን ሳሳምን ሳሳምን እኔም አመንሁ።»

ጳጉሜን ገባ። አንገቴ ደህና ነው። ችቦ የለም፣ እንግጫ የለም፣ ዘፈን የለም። የዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን የዓለም መጨረሻ ነው የሚመስለው፤ ግን አንገቴ ደህና ነው። የዋዜማው ዕለት ጠዋት አስተርጓሚው በበቅሎ መጣ።

«ካፒታኑ እንዲህ ይላል» አለኝ ሳይወርድ። «ከላይ ትልቅ ሹም ዛሬ ይገባል። አገሩ ሰላም መሆኑን፣ ሕዝቡ በመንግሥቱ መደሰቱን ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ከምሽጉ የሚታይ ሰፈር ሁሉ ማታ ችቦ ያበራል፣ ይዘፍናል።»

ጆሮዬን ተጠራጠርሁ። «ከልክላችሁ አልነበረም እንዴ?»

«ያ በቡሄ ነው።»

«ሰዉ እኮ ትቶታል! አረማዊ ነው ብሎ ከነነፍሱ ትቶታል።»

«ጨለማ የሚሆን ሰፈር ሰዉ ጫካ ነው ማለት ነው። ጭቃ ሹሙ ይሰቀላል ይላል።» ይኸኛውን ሲናገር እጁን አላነሣም። የበቅሎዋን ጆሮ እያየ «ምን ታየኛለህ፤ ሁለቱንም ትእዛዝ ያመጣሁት በዚሁ በአንድ አፌ ነው» አለና አዙሮ ሄደ።

ወደ ቄስ ጥበቡ ቤት የሄድሁት በእግሬ ይሁን በምን አላውቅም።

«አባ፣ ችቦዋ ዛሬ ክርስቲያን ትሁን።»

ነገሩን ሰሙ። ፊታቸው ጠቆረ። «እሑድ የተናገርሁትን ዛሬ ልሻረው?»

«ጣልያኑ ሽሮታል እኮ!»

«እሱ ጣልያን ነው።» መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። «ስማኝ ልጄ። ችቦዋ ከየት እንደመጣች እኔም አላውቅ። አባቶቻችን ከአረማዊ ተቀብለዋት ይሆናል፤ ተቀብለው ለእግዚአብሔር አብርተዋት ይሆናል። ብርቄ ልክ ናት፤ አያ ደሴም ልክ ናቸው። ከየት መጣች የሚለው ለካ ትንሹ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ግን ለማን ነው የምትበራው?»

«ለአንገቴ ነዋ!» አልሁ።

ሊስቁ አሉና ተዉት። «ጫኔን የገደለው ሰው ጉብታው ላይ ቆሞ ደስ እንዲለው ነው የምናበራት። የኔነሽን እንዴት ብዬ ነው አብሪ የምላት? ጣዖት ማምለክ ማለት ይህ ነው ልጄ፤ ከዚህ በፊት ያወገዝሁት ሁሉ ጨዋታ ነበር። እኔ በአፌ አብሩ አልልም። እጸልይልሃለሁ።»

«ጸሎቱ ለነፍሴ ይሁንልኝ። ለአንገቴ የሚያስፈልገኝ ችቦ ነው» አልሁና መስቀል ሳልሳለም ወጣሁ። ተናድጄ ነበር። እውነት መናገራቸው ነው ያናደደኝ።

ቤት ለቤት ዞርሁ። አያ ደሴ «ሊፈትነን የመጣ ነው» ብለው በር ዘጉብኝ። አንዷ «ችቦዬን ከነአረማዊነቱ ምስር ቀቅዬበታለሁ» አለችኝ። ሌላው ሊያበራልኝ ፈቅዶ ነበር፤ ጭራሮው ሁሉ ዝናብ ጠጥቷል፣ ቢያነድደው ቢያነድደው ከጭስ በቀር አልወጣውም። የኔነሽ ደጃፏ ላይ፣ ጫኔ በወደቀበት ቦታ ነበረች። ነገርኋት። «አንተን እንዲሰቅሉህ አልፈልግም» አለች። «ግን እጄ እንቢ ይለኛል።» እንቢ የሚል እጅ ይዛ መኖሯ አስቀናኝ።

መሸ። ከአማኑኤል በኩል አንድ ሰፈር በራ። ከበላይ ሌላው በራ። ቀጥሎ የወንዙ ማዶ ሰፈሮች እየተከታተሉ በሩ፤ ዘፈኑ ሁሉ ይሰማል። እነሱ ቄስ የላቸውም ማለት ነው። የኛ ሰፈር ብቻ ተዳፋቱ ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ቦታ ጨለማ ሆኖ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው እኔ ቆጥ ላይ ወጥቼ ችቦዬን ያወረድሁት። ብርቄ «ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ። «ሰፈር ልሆን ነው» አልኋት።

ለኮስሁና ወጣሁ። ከላይኛው አጥር ቆሜ እያወዛወዝሁ ኢዮሃ አልሁ። ከዚያ ሮጬ ወደ አያ ደሴ አጥር ወርጄ በወፍራም ድምፅ ኢዮሃ አልሁ። ከዚያ ወደታች፣ በሴት ድምፅ። የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ተነሥተው ተከተሉኝ። ከኋላዬ የማን ውሻ እንደሆነ እንጃ የቁምጣዬን ቁራጭ ይዞ ቀረ። ጭቃው አንሸራተተኝ፣ ቦይ ውስጥ ገባሁ፣ ችቦዋን ግን ከፍ አድርጌ ያዝሁ፤ እንደዚያ ይዤ አላውቅም ነበር፣ ሚስቴንም ቢሆን። ጋቢዬ ጫፉ ተያያዘ። ጋቢዬን እየረገጥሁ ባጠፋሁበት በሕፃን ድምፅ ዘፈንሁ። አሁንም ወደ ላይ ሮጥሁ። አንዱ ቤት ውስጥ ሳቅ ሰማሁ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ለቅሶ። የኔነሽ ደጃፍ ስደርስ ዝም ብዬ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ችቦዋን ወደ ሆዴ አስጠግቼ አለፍሁ። ችቦዋ እጄ ላይ አልቃ ስትጠፋ ቤቴ ገብቼ ወደቅሁ። «ተረፍሁ» አልኋት ብርቄን። እሷ መዳፌ ላይ የተላጠውን ቆዳ በቅቤ እየቀባች «ቅቤ መቀባት አረማዊ አይደለም?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሆነን የሳቅነው ትዝ አይለኝም።

የመስከረም አንድ ቀን ጠዋት ወታደሮቹ መጡ። ሰፈሩን በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሰበሰቡን። ካፒታኑ ራሱ መጥቷል፤ ትልቁ ሹም ግን በጠዋት ሄዷል አሉ። አስተርጓሚው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ካፒታኑ እንዲህ ይላል። የሌላው ሰፈር መብራት በየቦታው ቆሞ ነበር። የዚህ ሰፈር ግን አንድ ነው። አንድ እሳት ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ አምሽቷል። ለጫካው ምልክት ሲሰጥ ነበር። ያ ሰው ማን ነው?»

እግዚኦ፣ ይህን አላሰብሁትም። ሰፈር ልሁን ብዬ ሰላይ ሆኜ ቀረሁ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የማያውቅ አልነበረም፤ የቁምጣዬ ቁራጭ እንኳ የማን ውሻ ደጅ እንደተኛ የታወቀ ነው። ብርቄ እጄን ጨበጠችው፣ የተላጠውን ነው የጨበጠችው። አልዋሻችሁም፣ በጣም ፈራሁ። ግን የኔነሽን አየሁ፤ እኔ ዝም ካልሁ ማንኛውንም ጎረምሳ ጎትተው ይወስዳሉ፤ ሌላ የኔነሽ ትኖራለች። «እኔ ነኝ» አልሁ።

«እኔ ነኝ» አለ ሌላ ድምፅ፣ እኩል ከኔ ጋር።

ቄስ ጥበቡ ናቸው። መቋሚያቸውን ይዘው እያነከሱ ወደፊት ወጡ።

አስተርጓሚው ወደ ጉልበታቸው አየ። «አባ፣ በዚህ እግር?»

«ሰው ሲፈራ ይሮጣል» አሉ ቄስ ጥበቡ።

«እሳቸው አይደሉም! ከዚህ እስከዚያ እንኳ መሄድ አይችሉም» ብዬ ጮህሁ። መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። «እየው፣ ቃጠሎው ይኸው።»

«እሱ ምድጃ አቃጥሎት ነው» አሉ። «ችቦን ያወገዝሁት እኔ ነኝ። ሰዉ ያላበራው በኔ አፍ ነው። የሆነው ሁሉ የኔ ነው። ይህን ንገረው።»

አስተርጓሚው ለካፒታኑ ተናገረ። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ካፒታኑ ጥፍሩን አየ፤ እኔን አየኝ፤ እሳቸውን አየ። አጭር ነገር ተናገረ።

«አንድ እሳት፣ አንድ ሰው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ጭቃ ሹም ከተሰቀለ ግብሩን የሚሰበስብ የለም። ቄስ ግን ሞልቷል ይላል።»

ካፒታኑ ይበለው፣ አስተርጓሚው ራሱ ይበለው፣ እግዚአብሔር ይወቀው። ወታደሮቹ ሊያስሯቸው ሲቀርቡ ያንዱ እጅ ላይ ተጠመጠምሁ። በሰደፍ አፌን መታኝ፤ ሁለት ጥርሴ እዚያው ቀረ። አያ ደሴ ቀና ብለው «አባ እኮ አይሮጡም፣ አይሮጡም» እያሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ደጋገሙት። የኔነሽ ወደ ፊት ወጥታ መቋሚያቸውን ከወደቀበት አነሣችና እንዳይወድቁ ክንዳቸውን ይዛ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘቻቸው፤ ወታደሮቹም ከለከሏት ብዬ አልዋሽም፣ አልከለከሏትም። በየድንጋዩ እንዲያርፉም ጠበቋቸው። ከሰዓት በኋላ ከምሽጉ ሥር፣ እኛ በምናይበት በኩል ሰቀሏቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና ከቅጥሩ ሳይወጡ ግን አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አፌን በጋቢዬ ይዣለሁ። እጃቸው ስለታሰረ መስቀል ሊያሳልሙኝ አልቻሉም። ዝቅ ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ነበር። ግን ቀኑ ምን ቀን እንደሆነ ማንኛችንም የረሳነውን እሳቸው አልረሱትም።

«እንኳን አደረሰህ» አሉኝ።

እኔም የአፍ ልማድ ሆኖብኝ፣ በደም የተሞላ አፌን ከፍቼ፣ ሰው ሁሉ በዚያን ቀን እንደሚመልሰው መለስሁላቸው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ አባ።»